ጨዋነት ያልነው ፍርሃት

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩትን ሰው ስም የሰማሁት ለቅሷቸው ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ ወጥተናል፣ ወርደናል። ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ሲወርዱ ግድግዳውን ተጠግቼ አሳልፋቸው ነበር፤ ማታ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ ደግሞ እሳቸው ቆም ብለው ያሳልፉኛል። አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሟቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሂሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ልጅ ማስጠናት የሚወዱ ሰው እንደነበሩ ያወራሉ። እኔ በዚያው ዓመት ሂሳብ ለከበዳት ልጄ አስጠኚ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ስዞር ነበር። መምህሩ ከጣሪያችን በላይ ነበሩ።

ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተመላለስኩ። ለሞታቸው ጊዜ አላጣሁም። በሕይወት ሳሉ ግን “እንዴት አደሩ?” የምልበት አንዲት ደቂቃ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ላታልል አልፈልግም። ፈርቼ ነው። ምን ይሉኛል ብዬ፣ ምን ፈልጎ ነው ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ይህን ፍርሃቴን ደግሞ ስም አውጥቼለት ነበር፤ ጨዋነት እለው ነበር።

ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ስም ጋር ነው። የማናውቀውን ሰው አለማነጋገር በከተማችን በአዲስ አበባ እንደ መልካም ጠባይ፣ እንደ አስተዋይነት፣ እንደ ጥሩ አስተዳደግ ምልክት ተቆጥሯል። እኔ ግን ፍርሃት ነው እላለሁ። የጨዋነት ካባ ስለደረበ ማንም ፍርሃት ብሎ አይጠራውም፤ ስለዚህም ማንም ሊታገለው አይነሳም።

ከልጅነት እንጀምር። እንግዳ ፊት አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ልጅ “ጭምት ነው” ተብሎ ይመረቃል። የማያውቀውን ሰው ቀና ብሎ “ስምዎ ማን ነው?” ያለ ልጅ ደግሞ “ደፋር!” ተብሎ ይቆነጠጣል። ይህ ቃል ብቻውን ብዙ ይነግረናል። በአማርኛ ጀግናውንም ባለጌውንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ሁለቱም ደፋር ናቸው። ጠላትን የደፈረውን እናወድሳለን፣ ሰው ለማነጋገር የደፈረውን እንገሥጻለን። እንዲህ ያደገ ልጅ አድጎ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ባያይ ምን ይገርማል?

ሲያድግ ደግሞ ተረቱ ይጠብቀዋል፦ “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።” ይህን ተረት ስንት ጊዜ ራሳችንን እየነቀነቅን ሰምተነዋል! ቆም ብለን ብናዳምጠው ግን ምክሩ አስፈሪ ነው። ሰይጣንነቱን ካወቅነው ጋር ተስማምተን እንድንኖር፣ መልአክ ሊሆን የሚችለውን ግን ከደጅ እንድንመልስ ያዘናል። ይህን የምንለው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥላሴ በአብርሃም ቤት በእንግድነት ሲስተናገዱ ተስሎ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። አብርሃም ተረቱን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑን ይዘጋ ነበር። በእስልምናም ሰላምታ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም የሚሰጥ ነው። ሁለቱም እምነቶቻችን ያላዘዙንን ዝምታ ከየት አምጥተን ነው ባህላችን ያልነው?

ባህል ከተባለ ምስክሩ ቋንቋው ነው። አማርኛ የማያውቁትን ሰው ማነጋገሪያ ቃል ሞልቶታል። መንገድ ላይ እንቅፋት የመታው ሰው ማን መሆኑ ሳይጠየቅ “እኔን!” ይባላል። እስቲ ቃሏን አስቧት፤ የማላውቀው ሰው ጣት ሲደማ፣ በእሱ ፈንታ እኔን ያድርገኝ ማለት ናት። ያነጠሰ “ይማርህ” ይባላል፣ እሱም “ያኑርህ” ይላል። ሰው ሲገባ ተቀምጦ የነበረው ብድግ ብሎ “ኖር” ይላል፣ የገባው “በእግዜር” ብሎ ይመልሳል። ምሳውን የከፈተ ሠራተኛ አጠገቡ ላለፈ ሁሉ “እንብላ” ሳይል አይጎርስም። በእርሻ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ የማያውቀውን ገበሬ “ያበርታህ” ብሎት ያልፋል። የመሸበት “የእግዜር እንግዳ ነኝ” ብሎ ደጅ ይቆማል፣ “ቤት ለእንግዳ” ይባላል። ከዚህም በላይ ስሙን ለማናውቀው ሰው ዝምድና አዘጋጅተንለታል። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ እህቴ እንላለን። ስሙን ሳናውቅ ቤተሰብ የምናደርግበት ቋንቋ ይዘን፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ለማናውቀው ሰው የምናወጣው ቃል “ጠጋ በል”፣ “መልስ” እና “ወራጅ አለ” ብቻ ሆኗል።

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም፤ ምክንያት አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ወላጆቻችን አጠገባቸው የተቀመጠው ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን ማወቅ አይችሉም ነበር። አንድ ያልታሰበበት ቃል ሰው ያስገድል ነበር። ልጆቻቸውን “ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ” ያሉት ሊያድኗቸው ነው። ያ ዘመን አለፈ፣ ምክሩ ግን ምክንያቱ ተረስቶ ቀረ። ከዚያም ሌላ ፍርሃት መጣ። “አገርህ የት ነው?” የሚለው ጥያቄ ድሮ የጨዋታ መጀመሪያ ነበር። አንዱ ደብረ ማርቆስ ሲል ሌላው “እዚያ አስተምሬአለሁ” ይላል፣ መንገዱ ያጥራል። በዘርና በፖለቲካ ስንናቆር ከኖርን በኋላ ይኸው ጥያቄ እንደ ፍተሻ ተሰማ። ሰው ስሙን ሲናገር ስሙ ምን እንደሚያስከትልበት አስቦ ሆነ። ይህ ቁስል እውነተኛ ነው፤ ዝም በመባባል ግን አይሽርም። የምንፈራው “ሕዝብ” የሚባለውን ነገር ነው፤ አጠገባችን የተቀመጠው ግን ጉልበቱን የሚያመው፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው አንድ ሰው ነው። ይህንን የምናውቀው ሲያወራን ብቻ ነው።

ቤታችንም ተለወጠ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሁሉ ከየሰፈሩ ተነስቶ ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ብሎክ ገባ። በቅርቡም በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ቡና ተጠራርተው ይጠጡ ከነበሩ ጎረቤቶቻቸው ተለያይተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ከማን ጋር ይጠጡት? ዕጣው ቁልፍ ሰጠን እንጂ ጎረቤት አልሰጠንም። ጎረቤትን ሰላም ብሎ መጀመር የእያንዳንዳችን ሥራ ነበር፤ ሳንሠራው ቀረን።

“ጊዜው ክፉ ነው፣ ሌባ በዝቷል” የሚለኝ አለ። አውቃለሁ። ተሳፋሪ በመሰሉ ሌቦች ሿሿ የተሠራ ሰው ታክሲ ውስጥ ከማንም ጋር ማውራት ቢጠላ አልፈርድበትም። ስልክ በጠራራ ፀሐይ ይነጠቃል። ንቁ መሆን ተገቢ ነው፤ ሞባይላችንን እንያዝ፣ ቦርሳችንን እንዝጋ። ግን ሌባ ከሁሉም በላይ የሚወደው የማይተዋወቁ ሰዎች የሚኖሩበትን ሕንፃ ነው። ቴሌቪዥን ተሸክሞ ደረጃ የሚወርደውን ሰው ባለቤቱ ይሁን ሌባ መለየት የማይችል ጎረቤት ምን ይጠብቃል? ሌባው እንደ እኔው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፣ እኔም ግድግዳውን ተጠግቼ አሳልፈዋለሁ። ከሌባ ይጠብቀናል ያልነው ዝምታ ለሌባ መንገድ ይጠርጋል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ፤ እሱን የሚያነሱት ሴቶች ናቸው። “እኛን በየመንገዱ የማናውቀው ወንድ አነጋግሮን አያውቅም እንዴ? ሞልቶናል!” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለከፋ ስሙ ይቆላመጥ እንጂ ጥቃት ነው፤ እኔም ስለ ድፍረት ስጽፍ ለለካፊ ፈቃድ እየሰጠሁ አይደለም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሰላም ባይ ሰላምታውን ሰጥቶ ያልፋል፤ መልስ ቢያጣ አይቀየምም፣ አይከተልም፣ አይሳደብም። ለካፊ መልስ ይጠይቃል፣ ካልተሰጠው ይከተላል። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች፣ ፊቷን ያዞረች፣ እርምጃዋን ያፈጠነች ሴት መልሷን ሰጥታለች። ወንድ ሆኖ ይህን ማንበብ የማይችል ሰው መጀመሪያ ዝም ማለትን ይማር።

ነገር ግን ለከፋው ታክሲ ውስጥ ሲሆን ሌሎችም ሰዎች ተቀምጠናል። አንዷ ልጅ ስትለከፍ፣ ስትጎነተል፣ እጇን ስትነጥቅ እናያለን። ማንም አይተነፍስም። “አያገባኝም” እንላለን፤ ይህንንም ጨዋነት እንለዋለን። በዚያች ደቂቃ ልጅቷ የሚያስፈልጋት አንድ የማታውቀው ሰው ዞር ብሎ “ወንድሜ፣ ተዋት” እንዲል ነው። አንዱ ከተናገረ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ታክሲውን ያስቆማል። ያን ቃል ያልተለማመደ አፍ ግን በጭንቅ ጊዜ ድንገት አይከፈትም። በሰላሙ ቀን “እንደምን ዋላችሁ” ያላለ፣ በክፉው ቀን “ተዋት” ለማለት አቅም አይኖረውም። ለዚህ ነው ትንሿን ድፍረት ትንሽ አድርጌ የማላያት።

የማናውቃቸው ሰዎች ስናነጋግራቸው የሚጠሉን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ግምት በቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንዱን ወገን አጠገባችሁ ያለውን ሰው አነጋግሩ አሉት፤ ሌላውን ብቻችሁን ሆናችሁ ተጓዙ፤ ሦስተኛውን እንደ ልማዳችሁ ሁኑ። ጉዞው ይበልጥ ደስ ያላቸው ያነጋገሩት ናቸው። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ ግን ብቻውን የሚሄድ ይበልጥ ደስ ይለዋል ብለው ገምተው ነበር። እያንዳንዱ እኔ ማውራት እሻለሁ፣ እሱ ግን አይሻም እያለ ዝም ብሎ ይጓዛል። ቺካጎ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ይህ የተሳሳተ ግምት ግን እኔና ከላይ ፎቅ የነበሩት መምህር ደረጃ ላይ ሦስት ዓመት የተሸከምነው ነው። እሳቸውም ቆም ብለው ሲያሳልፉኝ የእኔን ቃል እየጠበቁ እንደነበር አሁን አስባለሁ።

ድፍረቱ ትልቅ ንግግር አይጠይቅም። ሰልፍ ላይ “የመጨረሻው ማን ነው?” ካልን በኋላ አንድ ቃል መጨመር ነው። አሮጊት ዕቃ ይዘው ደረጃ ሲወጡ “እማማ፣ ልያዝልዎት?” ማለት ነው። ዘበኛውን፣ ሊስትሮውን፣ በየቀኑ ዳቦ የምትሸጥልንን ልጅ በስማቸው መጥራት ነው። እንቢታ ቢመጣም መቀበል ነው፤ ሁሉም ሰው ሁል ጊዜ የማውራት ግዴታ የለበትም። የመጀመሪያዋ ቃል ታንቃለች፣ ሁለተኛዋ ትቀላለች፣ ከሳምንት በኋላ ልማድ ትሆናለች። ለልጆቻችንም “ከማታውቀው ሰው ጋር አትሂድ” እንበላቸው፣ ይህ ጥበቃ ነው። እኛ አጠገባቸው ቆመን “ሰላም በላቸው” ማለትንም እናስተምራቸው፣ ይህ ደግሞ አስተዳደግ ነው።

እድራችን የሚያስመሰግን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ወጥ ሠርተን፣ ሦስት ቀን አብረን የምንቀመጥ ሕዝብ ነን። ይህን ያህል ለማናውቀው ሟች የምናደርግ ሰዎች ለማናውቀው ሕያው አንዲት ቃል መንፈጋችን ያሳፍረኛል። ነገ ጠዋት ደረጃው ላይ የምታገኙትን ሰው እንዴት አደሩ በሉት። ስሙን ጠይቁት፣ ስማችሁን ንገሩት። ድንኳኑ እስኪተከል አትጠብቁ።