«የምትደብቀው ከሌለህ ፈርም»

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ የሆነ ነገር ነው። በቅርብ ስለማውቀው ላካፍላችሁ። ጉዳዩ ግን የሐይቅ ብቻ አይደለም።

በክረምት በጎ ፈቃድ ልጆች ስናስጠና አብረውን ለዓመታት የቆዩ አንድ ጎልማሳ አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዝናብ ሆነ ጭቃ ቀርተው አያውቁም፤ ጠመኔ ሲያልቅ ከኪሳቸው ይገዛሉ። አንድ ድርጅት ለበጎ ፈቃደኞች ሽልማት አዘጋጅቶ ከእኛ መካከል ሁለት ሰው ተጠቆመ፦ ጋሼና እኔ። ደስ አለን። ስማችንም ወዲያው በከተማው ተሰማ።

ከዚያ ቅጽ መጣ። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ፖሊስ ስለ እኔ የያዘውን ማንኛውንም መረጃ ለአዘጋጁና ለሚመለከተው ሁሉ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ።» እኔ እንደቆምኩ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። «ማንኛውንም ማለት እስከ ምን ድረስ ነው? የሚመለከተው ሁሉስ ማን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቅጹን ያመጣው ልጅ መልስ አልነበረውም። «ጋሼ፣ ለፎርማሊቲ እኮ ነው። የሚደብቁት ነገር ከሌለ ምን ችግር አለው?» አላቸው። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «ይቅርብኝ» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተዛመተ። «ምን ቢኖርባቸው ነው?» የሚል ጥያቄ ለእኔም መጣ። አንዲት እናት ልጇን ከጥናቱ አስቀረች። እሷን አልወቅስም፤ እናት ናት።

በኋላ ጋሼ ነገሩን ነገሩኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል። ከሃያ ዓመት በፊት በገበያ ቀን በተነሣ ጠብ ከሌሎች ጋር ተይዘው አራት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አድረዋል። ጠቡን ሽማግሌ አበረደው፤ ክስ አልተከፈተም፣ ዳኛ ፊትም አልቀረቡም። የፈሩት ያቺ የአራት ቀን መዝገብ ያለ ታሪኳ ብቻዋን እንዳትወጣ ነበር። እንግዲህ ሊመሰገኑ የተጠሩ ሰው ተጠርጣሪ ሆነው ተመለሱ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ማጣራት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ልጆች ባሉበት የሚሠራ ሰው መጣራት አለበት። ሽልማት ደግሞ ተራ ወረቀት አይደለም። መድረክ ላይ ቆሞ የተጨበጨበለትን ሰው ወላጅ ሁለተኛ ሳይጠይቅ ያምነዋል። ስለዚህ ሸላሚው ድርጅት «ማንን ነው የማስታምነው?» ብሎ መጠየቁ ግዴታው ነው።

«እኛ እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ ቅሬው ይበቃል» የሚሉ አሉ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሰውን ያውቃል፣ እውነት ነው። ማን ለቅሶ እንደደረሰ፣ ማን የጎረቤቱን ድንበር እንደገፋ ቅሬ ያውቃል። ግን ቅሬ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም። በሴትና በሕፃን ላይ የተፈጸመ በደል «ለቤተሰብ ክብር» ተብሎ በሽምግልና ሲድበሰበስ ያላየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክርክሬ ከማጣራቱ ጋር አይደለም፤ ወሰን ከሌለው ፈቃድ ጋር ነው።

ፊርማና ፈቃድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከእኛ አገር ሰው በላይ ማን ያውቃል? ከሐይቅ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሲሄዱ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ጠቡን ያመጣው አንቀጽ 17 ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ለማድረግ «ተስማምተዋል» ይላል። በአንዲት ግሥ ምክንያት ሮም ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም አፈረሱት። መጨረሻው በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ታየ።

የጋሼን ቅጽ ከውጫሌ ውል ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ፈራሚው «ይህን ያህል ፈቀድኩ» ብሎ ሲያስብ ተቀባዩ «ሁሉን ፈቀደልኝ» ብሎ ካነበበው በመካከላቸው ስምምነት የለም። «ማንኛውንም» እና «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚሉት ቃላት ተቀባዩ እንደፈለገ እንዲያነብ በር ይከፍታሉ።

ሕጋችንም ከጋሼ ጥያቄ ጎን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ፈቃድ በነጻነት፣ ለተወሰነ ዓላማና ሰውየው ምን እንደሚፈቅድ ተረድቶ የሚሰጥ መሆን አለበት ይላል። ስም በከተማው ከተነገረ በኋላ፣ እምቢ ያለ ሰው እንደሚጠረጠር እየታወቀ የሚጠየቅ ፈቃድ ምኑ ላይ ነው ነጻነቱ?

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መዝገቡ ራሱ ምን ይናገራል የሚለው ነው። መያዝ ሌላ፣ መከሰስ ሌላ፣ መፈረድ ሌላ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ብሎ ይቆጥራል። ሳይከሰስ የተለቀቀውማ እንዴት ያለ? በእኛ ክልል ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝን ፈቅዶ ነበር። ታስረው ሳይከሰሱ የተፈቱትን እያንዳንዳችን እንቁጠር። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ አናጣም። ነገ እነዚህ ሰዎች በጎ ሥራ ሠርተው ቢሸለሙ «ታስሮ ነበር» የምትል መስመር ትጣላቸው?

ደግሞም አምባሰል ሰውን በሥራው ሳይሆን «ሊያደርግ ይችላል» ብሎ ማሰርን ታውቀዋለች። ዛሬ ምእመናን ለንግሥ የሚወጡባት ግሸን አምባ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ወንድሞችና ዘመዶች የሚታሰሩባት ተራራ ነበረች። ጥፋታቸው ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ መባሉ ብቻ ነበር። ጥርጣሬን እንደ ፍርድ ስንቆጥር ወደዚያች አምባ እየተመለስን ነው።

ሌላው ዓለምስ? እንግሊዝ ውስጥ በተለይ ከልጆች ጋር የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ይጣራል፤ ለማጣሪያው አይከፍልም። ግን የትኛው ሥራ ምን ያህል ማጣሪያ እንደሚፈቅድ በሕግ ተለይቷል። የምስክር ወረቀቱ የሚላከው ለራሱ ለሰውየው ነው፤ ለድርጅቱ የሚያሳየው እሱ ነው። በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ ሕግ መሠረት ጊዜው ያለፈ ቀላል ጥፋት በአብዛኛው ሥራ አይጠየቅም። እነሱ ልጆቻቸውን ከእኛ ያነሰ ስለሚወዱ አይደለም። ወሰን ያለው ማጣሪያ ልጁንም በጎ ፈቃደኛውንም እንደሚጠብቅ ስለገባቸው ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ፈቃዱ ስም ከመነገሩ በፊት በምስጢር ይጠየቅ። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ማለቱን ከአንድ ሰው በላይ አይወቅ።

2ኛ. ቅጹ በግልጽ ይናገር፦ የሚጠየቀው የፍርድ ውሳኔ ብቻ ነው፣ የሚያየው እገሌ የተባለ ኃላፊ ነው፣ ከሽልማቱ በኋላ በዚህ ቀን ይወገዳል።

3ኛ. ከፖሊስ የመጣውን ወረቀት ሰውየው ራሱ አስቀድሞ ይየው። ስህተት ካለ ያርም፣ ታሪክ ካለው ይናገር። የስም መመሳሰል በሞላበት አገር ይህ የግድ ነው።

4ኛ. የትኛው ጥፋት ከሽልማት እንደሚያስቀር አስቀድሞ ተጽፎ ይታወቅ። ልጅን መድፈርና የወጣትነት የገበያ ጠብ በአንድ ሚዛን አይለኩ።

«የምትደብቀው ከሌለህ ፈርም» የሚለውን አባባል በተለይ ብንተወው ደስ ይለኛል። በር የሚዘጋ ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። የሰው ልጅ ሳያጠፋም ለማንም የማይነግረው ታሪክ አለው።

እኔ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የፈረምኩት ፈቃድ በፍርድ ውሳኔ ብቻ እንዲወሰን፣ ካልሆነ እንዲነሣልኝ ጠይቄያለሁ። ይህን እስከምጽፍ መልስ አልመጣም። ሽልማቱን ቢነፍጉኝም አልከፋም፤ ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት አገኘኋቸው። በሚቀጥለው ክረምት ያስጠኑ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጆቹን ከላኳቸው እኔ ምን አጣለሁ?» አሉኝ።

መላክ አለመላኩ የእኛ ነው።