ቤከን አማረኝ፣ አሳማው ይቅርብኝ

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። የእኔ ትውልድ ቤከንን የተዋወቀው በምላሱ ሳይሆን በዓይኑ ነው። በዲሽ ፊልም ውስጥ መጥበሻ ላይ ሲንጨረጨር፣ ከእንቁላሉ ጎን ተኮማትሮ ሲቀርብ፣ ልጆች ሲሻሙበት አይተን አደግን። ሽታው ግን በዲሽ አይመጣም። ስለዚህ ቦሌ አካባቢ ባሉ ሆቴሎች ሜኑ ላይ "የበሬ ቤከን" የሚል ሲጻፍ ብዙዎቻችን ተገላገልን አልን። አሳማ የለበትም፣ ጢስ ጢስ ይላል፣ ሌላ ምን ቀረ?

ብዙ ነገር ቀረ እንጂ! የእሽጉን የበሬ ቤከን ጠብሳችሁ እናቴ ፊት አቅርቡት። መጀመሪያ "የምንድን ነው?" ትላለች። የበሬ ነው፣ አለፍን። ቀጥላ "ማን ያረደው?" ትላለች። እሽጉ ላይ "ሐላል" የሚል ማኅተም ካለ ጨዋታው እዚያው ፈረሰ። በክርስቲያን ቤት በስመ አብ ያልተባለበት ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊም ጎረቤታችን ቤትም ቢስሚላሂ ያልተባለበት አይገባም። ይህንንም አለፍን እንበል። ሦስተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ "ለመሆኑ ዛሬ ምን ቀን ነው?" ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደመሩ ለምእመኑ እንኳ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የጾም ቀን አለ። እንግዲህ የእኛ አገር "ኮሸር" እንስሳው፣ አራጁና ቀን መቁጠሪያው አንድ ላይ የሚፈርሙበት ነገር ነው። እሽጉ ያስፈረመው እንስሳውን ብቻ ነው።

"ኮሸር" በዕብራይስጥ የተገባ፣ የሚፈቀድ እንደ ማለት ነው። መነሻው እኛም የምናውቀው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ነው፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል። አሳማ ሰኮናው ተሰንጥቋል ግን አያመሰኳም፤ ግመል ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልሟላም፤ ሁለቱም ወደቁ። በነገራችን ላይ ይህ ነገር በኛና በፈረንጅ መካከል ሲያጨቃጭቅ የቆየ ነው። ፖርቱጋሎቹ "እናንተ እኮ አይሁድ ናችሁ" ብለው ሲነተርኩን፣ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የእምነት መግለጫ ጽፈው መልሰውላቸዋል። ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ አሳማ ሥጋ ነው የጻፉት። አሳማ የማንበላው የኦሪት ሕግ አስሮን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም የሚል ነው ቁም ነገሩ። ከዚህ የሠለጠነ መልስ እስካሁን አልሰማሁም። ዛሬም ቢሾፍቱ አካባቢ አሳማ ይረባል፣ የሚበላም ይበላል፣ ማንም አልሞተም። እኔ ግን አልበላም። ቤከን ግን ያምረኛል። ምን ይደረግ ነው ጥያቄው።

መልሱ ወጥ ቤታችን ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል ኖሯል። ቤከን ምን ማለት ነው? ጨው፣ ጢስና ጮማ። አሳማው ጮማውን አቀበለ እንጂ ሌላውን የሠራው ሰው ነው። ጨውና ጢሱን ደግሞ እኛም እናውቅበታለን፤ ስሙም ቋንጣ ይባላል። ዘልዝለነው፣ ጨውና በርበሬ አሽተንበት፣ ምድጃው በላይ ሰቅለን፣ ጢሱም ነፋሱም ሲያደርቀው ይከርማል። ከበዓሉ ቅርጫ የተረፈው ሥጋ ጾሙን ተሻግሮ የሚጠብቀን እሱ ነው፤ አራጁን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የእናቴን ሦስት ጥያቄዎች ያለ ማኅተም አለፈ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ቤከን አልሆነም? ጮማ ስለሌለው። ለቋንጣ የምንመርጠው ቀዩን ሥጋ ነው፤ ጮማ ቶሎ ስለሚሻግት። ቀዩን መጥበሻ ላይ ስታደርጉት ይደርቃል እንጂ አይንጨረጨርም፤ ለዚህም ነው ሁልጊዜ በቅቤ ድረስለት የምንለው። እዚህ ላይ ቤተ እስራኤልን ማንሳት ግድ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲጓዙ የአባቶቻቸውን የኦሪት ሥርዓት ይዘው ነበር የሄዱት። እዚያ የጠበቃቸው ግን ረቢዎች በዘመናት ያሰፉት ሕግ ነው። በረቢዎቹ ሕግ ሥጋና የወተት ውጤት አንድ ድስት ውስጥ አይገናኙም። አስቡት፣ በቅቤ የራሰው ቋንጣ ፍርፍራችን ኮሸር አይደለም! ዶሮ ወጡም እንዲሁ፣ ዘይት ካልገባበት በቀር። ሞራም አይበላም፤ ያዕቆብ ሲታገል በተነካው የጭን ሹልዳ ምክንያት የኋላ እግር ሥጋም ጣጣው ብዙ ነው። ደሙም በጨው መውጣት አለበት። (ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የምንበላ ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም ብንል ይሻላል።)

ይህን ሁሉ ደምሩትና ቀሪው ምንድን ነው? ፍሪምባ! ከፊት በኩል ነው፣ ጮማው ሞራ አይደለም፣ በራሱ ስብ ስለሚጠበስ ቅቤ አይፈልግም። ውጭ አገር ያለው የበሬ ቤከንም ብዙ ጊዜ ከዚሁና ከጎኑ ካለው ሥጋ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ጮማውን እንዳይገፍላችሁ ለምኑት፤ ግራ ይገባው ይሆናል፣ ግን ይሰጣችኋል።

አሠራሩ ይኸው። ለ1 ኪሎ ፍሪምባ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ። በደንብ እሹት፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን አቆዩት፣ በየቀኑ ገልብጡት። የሚወጣውን ውሃ ድፉ፣ ሥጋውን አለቅልቃችሁ አድርቁት። አሁን ጢሱ። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የምናጥንበት ወይራ እያለ የውጭ እንጨት የሚፈልግ ሰው አይግባኝም። አሮጌ ድስት ታች የወይራ ስንጥር አድርጉ፣ በላዩ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ሥጋው፣ ክዳኑን ግጠሙ። ጢሱ መውጣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱና ሥጋው እስከ ውስጡ እስኪበስል አጥኑት። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ መስኮት ክፈቱ፤ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ሳይሮጥ በፊት ንገሩት። ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት በስለት ቢላ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ ደርድራችሁ እሳቱን ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ስቡ ቀልጦ ይወጣል፣ ጠርዙ ይኮማተራል፣ ድምፁን ስትሰሙ የዲሹ ፊልም ትዝ ይላችኋል። እንቁላሉን እዚያው ስቡ ላይ ስበሩት። ጮማ ስላለበት እንደ ቋንጣ አይከርምም፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ከተረፈ ማለቴ ነው።

ይህ የበሬው ነው። የፍየሉ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የፍየል ቋንጣ ስስ ሆኖ ተዘልዝሎ፣ በጥቂት ዘይት ቶሎ ሲጠበስ ይሰበራል፤ ካፌዎቻችን ሰላጣና እንቁላል ላይ የሚበትኑት የቤከን ፍርፋሪ አይደርስበትም። ጥሩ የፍየል ቋንጣ ለመሥራት ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ፍየልና ደረቅ አየር። አዲስ አበባ በክረምት ሁለተኛው የላትም፤ ሐምሌ ላይ የሰቀላችሁት ቋንጣ ጢም ያበቅላል።

ኒሯቅ ሁለቱም አላት። ኒሯቅን ለማታውቁ፣ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሰቆጣ በስተሰሜን፣ ወደ ተከዜ ሲወረድ። የአበርገሌ ፍየል በስሟ የታወቀች፣ ትንሽ ሆና ቆላውን የቻለች ዝርያ ናት፤ ሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም ያጠናታል። እኛ አዲስ አበቤዎች ግን ሰቆጣን የምንሰማው በሌላ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም የገባው ቃል "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ይባላል። ከተማዋ በየስብሰባው የምትጠራው በጎደለው እንጂ ባላት ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ዋግ ደረሰ፤ አበርገሌዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። የ2015 ክረምት ደግሞ ዝናብ ነፈገ፤ ከብቱና ፍየሉ በየሜዳው ወደቀ። ድርቅ ሲመጣ የአርቢው ገበያ እንዴት እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ሊሸጥ ይወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ያልተሸጠው ይሞታል። ሕይወት ያላት ፍየል መኖ ትጠይቃለች፣ ቋንጣ ግን ምንም አይጠይቅም። ይህን እኔ የፈለሰፍኩት አይደለም። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአደጋ ጊዜ የእንስሳት እርዳታ መመሪያ ውስጥ፣ ከብቱ ከስቶ ሳይሞት ገዝቶ አርዶ ሥጋውን ለሕዝቡ ማከፋፈል እንደ አንድ መንገድ ተቀምጧል። መመሪያው ግን ከርዕሱ ጀምሮ ለአርብቶ አደር አካባቢ ነው የሚለው። ዋግ አርሶ አደር ነው፣ ፍየሏ ግን ይህን ልዩነት አታውቅም።

"ሰው በተራበበት አገር ስለ ቤከን ታወሪያለሽ?" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ አወራለሁ። እርዳታ በድርቅ ዓመት ይመጣል፤ ቁርስ ግን በየቀኑ አለ። አንድ የቦሌ ካፌ ለእሽግ ቤከን የሚከፍለውን ገንዘብ ለኒሯቅ ቋንጣ ቢከፍል፣ አርቢው በደህናው ዓመት ፍየሉን በመልካም ዋጋ የሚሸጥበት ሌላ በር አገኘ ማለት ነው። ለዚህ ንጹሕ ማረጃ ያስፈልጋል፣ ዝንብ የማይገባበት የፀሐይ ማድረቂያ ያስፈልጋል፣ የታመነ እሽግ ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በፊት ሰላም የሆነ መንገድ ያስፈልጋል። እሽጉ ላይ ማን እንዳረደው ይጻፍ፤ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ፣ እንደ ሥጋ ቤቶቻችን። እናቴም አንብባ ትበላለች።

እስከዚያው የካፌ ባለቤቶች ሆይ፣ ሜኑ ላይ "የአበርገሌ ቋንጣ በእንቁላል" የሚል ጻፉና ጥሩኝ። ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ እመጣለሁ፤ ሒሳቡንም እኔ እከፍላለሁ።