ጣት የማይነካው ኪቦርድ

በ2018 «ዘ ሲ64 ሚኒ» የተባለ ዕቃ አውሮፓ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1982 የወጣውን ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር በግማሽ አሳንሶ የሚያሳይ ነው። ቡናማ ቁልፎቹ በየረድፋቸው ተደርድረዋል፤ ፊደልና ቁጥሩም በየቦታው አለ። ግን አይጫኑም። ከሳጥኑ ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ ጌጦች ናቸው። ዕቃው ሲበራ 64 ጨዋታዎች በሥዕል ተደርድረው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ በጆይስቲክ ይመርጣል፣ ይጫወታል፣ ያጠፋል።

ኩባንያውን ላለመበደል፣ ሌላ ኪቦርድ በዩኤስቢ ለሰካበት ሰው ይኸው ዕቃ ቤዚክ በተባለው ቋንቋ ፕሮግራም ያጽፋል። በ2019 መጨረሻም ቁልፉ የሚሠራ፣ መጠኑም ሙሉ የሆነ ሞዴል ወጥቷል። ቢሆንም ከኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የተቀነሰው ኪቦርዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው፣ ሲንክሌር ስፔክትረም የተባለውን ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር የሚመስለው «ስፔክትረም ቪጋ» ደግሞ 1000 ጨዋታ ጭኖ ኪቦርዱን ከነጭራሹ አስቀርቶት ነበር። የአሮጌ ኮምፒውተር ፍቅር ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚረዳው ይህንኑ ነው፦ የልጅነት ጨዋታ፣ ያማረ ሳጥን፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ትዝታ። አስተሳሰቡ የተሳሳተ ነው። የእነዚህን ማሽኖች ዋና ጉዳይ ጥሎ ቅርፊታቸውን ያነሳል።

ኮሞዶር 64 ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። የገዛው ሰው ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ሲያበራው ሥዕልም ምርጫም አይመጣለትም። ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 ባይት ነጻ ቦታ እንዳለ የሚገልጽ መስመር፣ ከሥሩ ዝግጁነቱን የምትናገር አንዲት ቃል፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም የሚል ከርሰር። በቃ። ጨዋታ ከዲስክ ለመጫን እንኳ ትእዛዝ በእጅ መጻፍ ግድ ነበር፤ ትእዛዙም የቤዚክ ትእዛዝ ነው። ጨዋታ ብቻ ያማረው ልጅ ሳያስበው ከፕሮግራም ጽሕፈት አንድ ቃል ጽፎ ያልፋል። በዚያው ዓመት በ125 ፓውንድ የወጣው የሲንክሌር ስፔክትረም ከዚህም ይብሳል፤ ከጎማ የተሠሩ ቁልፎቹ አንዴ ሲነኩ የቤዚክን ሙሉ ቃል ስክሪኑ ላይ ያወጡ ነበር። ኪቦርዱ ራሱ የቋንቋው መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ግን የዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ ፕሮግራመር ነበሩ የሚለውን ተረት መቀበል አይደለም። አልነበሩም። አብዛኞቹ ይጫወቱ ነበር፤ የእንግሊዝ ሱቆችም በዋናነት የሚቸበችቡት የጨዋታ ካሴት ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ መጻፍ ላማረው ሰው ምንም ተጨማሪ ግዢ፣ ምንም ፈቃድ፣ ምንም የሚጫን ነገር አያስፈልገውም ነበር። ማሽኑ ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ወደ ሰብሳቢዎቹ እንምጣ። በ1976 ስቲቭ ዎዝኒያክ የሠራው አፕል 1 ወደ 200 የሚጠጋ ብቻ ተመርቶ በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ተሸጠ። ገዢው የሚያገኘው ቦርዱን ብቻ ነው፤ ኪቦርዱንም፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉንም፣ ስክሪኑንም ራሱ ፈልጎ ያገጣጥማል። ሳይነካኩት ምንም የማይፈይድ ዕቃ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በጥቅምት 2014 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ በ905,000 ዶላር ተሸጠ፤ የገዛው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ማስቀመጥ ሥራው ነውና አይወቀስም። የሚያስተዛዝበው መኖሪያ ቤቱን ሙዚየም ያደረገው ሰው ነው፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኮሞዶር የሚያሳድደው፣ ካገኘውም በኋላ እንግዳ ሲመጣ እንኳ እንደማይወጣ የቡፌ ሲኒ መስታወት ውስጥ የሚቆልፈው።

ይህ ሰው ቅርስ እየጠበቅሁ ነው ይላል። ኬሚስትሪው ግን አይስማማም። ካርቶን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያረጃል። አሚጋ 500 ፕላስ በተባለው ኮምፒውተር ቦርድ ላይ የተበየደችው ባትሪ ከጊዜ በኋላ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ፈሳሹም የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ቢቢሲ ማይክሮ በተባለው የእንግሊዝ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች ሽፋናቸው ተሰነጣጥቆ እርጥበት ይስባሉ፤ ከዓመታት በኋላ ሶኬት ሲያገኙ በጭስ ይፈነዳሉ። የኮሞዶር 64 ነገር ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። አብሮት የተሸጠው፣ በሙጫ የተደፈነው ፓወር ሰፕላይ ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት የነበረበት መስመር ከልክ በላይ ይሰጥና የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። «ኦሪጅናል ነው፣ ማንም አልነካውም» የተባለለት ሙሉ ዕቃ፣ ማሽኑን የሚገድለውን ነገር አብሮ ይዞ ይሸጣል። ከፍቶ የሚያየው፣ የሚቀይረው፣ የሚያበራው ሰው ነው ማሽኑን የሚያተርፈው።

ያረጀ ሳጥን መልሶ ስለማንጣትም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቢጫ የሆነን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ለማንጣት ቀናት የሚያጠፋ፣ ለመጻፍ ግን አንድ ምሽት ያጣ ሰው ሲበዛ ነው ነገሩ የሚያጠያይቀው።

ለመሆኑ ቢጻፍበት ምን ይገኛል? አንዲት መስመር ብቻ የሆነች የኮሞዶር ፕሮግራም እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ በዘፈቀደ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ በ205.5 ላይ ይደምረዋል፤ ክፍልፋዩን ይጥላል። ውጤቱ ወይ 205 ነው ወይ 206። በማሽኑ የምልክት ሠንጠረዥ ሁለቱም ሰያፍ መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ፕሮግራሙ አንዱን ያትምና ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ያትማል። ስክሪኑ ማለቂያ በሌለው የተጠላለፈ መንገድ ይሞላል። ይህችን አንድ መስመር ብቻ ርእሱ ያደረገ፣ አሥር ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ በ2012 በኤምአይቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ቁልፉ የማይጫነው ሚኒ ግን በራሱ ቁልፎች ይህችን መስመር ሊቀበል አይችልም።

ቤዚክ ደካማ ቋንቋ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው እውነት አለው። ታዋቂው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 ቤዚክ የለመደን ተማሪ ጥሩ ፕሮግራም ጽሕፈት ማስተማር ከሞላ ጎደል እንደማይቻል ጽፎ ነበር። የኮሞዶር 64 ቤዚክ ደግሞ ከደካሞቹም ደካማ ነበር፤ ለሥዕልም ለድምፅም አንድ ትእዛዝ እንኳ አልነበረውም። ነገር ግን ያ ድህነት ጸሐፊውን በቀጥታ ወደ ቺፖቹ ገፋው። 53280 በተባለው የሚሞሪ አድራሻ ላይ 0 ሲጻፍ የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል። በመካከል የቆመ ሌላ ሶፍትዌር የለም፤ ቁጥሩ የሚደርሰው ለሥዕል ቺፑ ነው። ጥበበኞቹ ኋላ ከዚህም አለፉ። ቺፑ የስክሪኑን የታች ጠርዝ ሊስል በደረሰባት ቅጽበት የረድፎቹን ብዛት ከ25 ወደ 24 ቢቀይሩበት ጠርዙን የሚጀምርበት ቦታ እንደሚያመልጠው ደረሱበት። ሊሳልበት አይችልም በተባለው ጠርዝ ላይ ሥዕል ወጣ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች የደረሱበት ደረጃ ቀላል አይደለም፤ ፊንላንድ በ2020 ይህን ባህል በሕያው ቅርሶቿ ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ አስገብታለች።

የስፔክትረም ሮም፣ ማለትም የማሽኑ ቋሚ ሶፍትዌር የተቀመጠበት ሚሞሪ፣ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። በ1983 ኢያን ሎጋንና ፍራንክ ኦሃራ እያንዳንዱን ትእዛዝ ተራ በተራ ገልጠው በአንድ መጽሐፍ አሳተሙት። ማሽኑን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ያወቀ ሰው መሆን ይቻል ነበር። ኪስ ውስጥ ስላለው ስልክ እንዲህ ሊል የሚችል ሰው የለም።

የዚያ ዕውቀት ፍሬ ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ነው። ቢቢሲ ማይክሮን ከነደፉት መካከል የነበሩት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ማሽኑን በሠራው በኤኮርን ኩባንያ የኤአርኤምን የመጀመሪያ ቺፕ ነድፈው በሚያዝያ 1985 ሥራ አስጀመሩ። ዛሬ ስማርትፎኖች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚሠሩት ከዚያ በወረደ ንድፍ ነው። በዚያው ቢቢሲ ማይክሮ፣ በ32 ኪሎባይት ውስጥ፣ ኢያን ቤልና ዴቪድ ብሬበን በ1984 «ኢሊት» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ፤ 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱም 256 የከዋክብት ሥርዓት። ዝርዝሩ የትም አልተቀመጠም፤ ከሦስት ቁጥሮች እየተሰላ ነው የሚወለደው። ኋላ፣ ካምብሪጅ ኮምፒውተር ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ቁጥርና ዝግጅት ሲያሽቆለቁል፣ ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ የቢቢሲ ማይክሮን ምሳሌ ይዘው በ2012 ራስበሪ ፓይን አወጡ። ከአሮጌው ማሽን የቀዱት ቀለሙንም ቅርጹንም አይደለም፤ ርካሽነቱንና መጻፊያነቱን ነው።

በአንጻሩ «እውነተኛው ዕቃ ካልሆነ አይቆጠርም» የሚሉ አክራሪዎችም አሉ። እነርሱም ከሰብሳቢው ብዙ አይርቁም። ቫይስ የተባለው ነጻ አስመሳይ ፕሮግራም (ኢሙሌተር) ኮሞዶር 64ን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያስነሣል፤ ከርሰሩ ያው ነው፣ 38911 ባይቱም ያው ነው። ለአዲስ አበባ ወጣት የባሕር ማዶ ጨረታ፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ አያስፈልገውም። እንዲያውም እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው። እነዚህ ማሽኖች በኢትዮጵያ ቤቶች በስፋት ስላልገቡ ማንም የልጅነት ትዝታውን ጠቅልሎ ሊሸጥለት አይችልም። ለእርሱ የሚቀረው ማሽኑ ራሱ ነው።

ሥራም አይጠፋለትም። ስፔክትረም ተጠቃሚው ራሱ ለሚስላቸው ፊደላት 21 ቦታ ሰጥቷል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ከነሰባት ሰባት ቤቶቻቸው ልክ ይሞሉታል፣ መ ውጭ ይቀራል። ኮሞዶር 64 ግን 256 ቦታ አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እያንዳንዱ 8 ባይት ቢወስድ 1848 ባይት ይሆናል። ይገባል ማለት ነው። የተረፉት 25 ቦታዎች ለአኃዝ ይሁኑ ወይስ ለአራት ነጥብና ለነጠላ ሰረዝ? ኋ፣ ቋ፣ ጓስ የት ይግቡ? ዩኒኮድ በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ እስኪሰጥ ድረስ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ከዚሁ ከ256 ገደብ ጋር ነበር የሚታገሉት።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ኮሞዶሩ ከርሰሩን የሚያርገበግበው ፊደሉን ከሠንጠረዡ ሁለተኛ ግማሽ ካለው ግልብጥ ቅጂ ጋር እያፈራረቀ ነው። ሁለተኛው ግማሽ በአማርኛ ፊደል ከተያዘ ከርሰሩ ያረፈበት ሀ በየቅጽበቱ ሌላ ፊደል እየሆነ ይመጣል። ስለዚህ ጸሐፊው የራሱን ከርሰር መሥራት አለበት፤ ቀጥሎም 231 ፊደል በ66 ቁልፍ የሚጻፍበትን ዘዴ። ይህ ከአንድ ወር ያላነሰ የምሽት ሥራ ነው፤ ከ64ቱ ጨዋታዎች የትኛውም ይህን ያህል አያቆይም።

በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር፣ ጓዳው ውስጥ አንድ ኮሞዶር ወይም ስፔክትረም ያስቀመጠ አንባቢ ካለ አውጥቶ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካው፤ ጨዋታውን ትቶ ይጻፍበት፤ ኮሞዶር ከሆነ ከ53280 ይጀምር። የኮሞዶሩን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ግን ቮልቴጁን ሳይለካ ፈጽሞ እንዳይሰካው።