እኩል ማካፈል ሁሉ ፍትሕ ነውን?

 

ሳሪስ አቦ አካባቢ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ወላጅ እንዲያመጣ ተነገረው። አባቱ ግን ቀሩ። ኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ «ኡስታዝ፣ መዋጮ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ አፍሬ ነው» አሉኝ። የቀን ሠራተኛ ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርትን ነፃ አድርጓል። ታዲያ መዋጮው ከየት መጣ? የመምህሩን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፤ ለቤተ ሙከራና ለተሰበረ ወንበር የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለዚሁ ጉድለት በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች ድጎማ ሰጠ። መልካም ጅምር ነበር። ሆኖም በነፍስ ወከፍ ማካፈል ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ነጋዴ የበዛበት ሰፈር የጎደለውን በመዋጮ ይሞላል፤ የቀን ሠራተኛው ሰፈር በምን ይሙላ?

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማቅረቧ የድሃውን ሸክም አቅልሏል። የትምህርት ቤቱ በጀትም እንዲሁ ወደ ተቸገረው ሊያጋድል ይገባል።

እኛስ? በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ እንገኝ። ኪሳችን ባዶ ቢሆንም ገቢና ወጪውን መጠየቅ መብታችን ነው። ለእኚያ አባት ይህንኑ ነገርኳቸው። በቀጣዩ ስብሰባ መጡ፤ ከኋላ ተቀምጠው ስለ ቤተ ሙከራው ጠየቁ።