ሰርቨሩስ ይገዛል፤ የከረመው መረጃስ?

የጎጃም ጤፍ በኩንታል ስንት ገባ ሲባል ጆሮውን የማይሰጥ ሸማች የለም። ከዋጋው በስተጀርባ ያለውን የምርምር ሥራ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ቢቸናና ሞጣ ከአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል የመስክ መፈተኛ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። አንድ ዝርያ ለገበሬው የሚለቀቀው በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ለተከታታይ ዓመታት ተመዝኖ ነው። የመስክ ውጤት ደግሞ ዛሬ የሚከማቸው በኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር ያረጃል።

የምርምር ሰርቨር ሲቆም «ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ማለት ይቀላል። ገበያው ግን ለዚህ ችኮላ አይመችም። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ17 ሺህ ብር ይመጣ የነበረ የ300 ዶላር ዕቃ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ምርመራ ይቅደም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ መጀመሪያ የሚታዩት ሶኬቱና የዩፒኤሱ ባትሪ ናቸው። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው በየተራ አንዱን ነቅሎ መሞከር የተበላሸውን ይለያል። ራሞቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ይሞከሩ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትደክም ማሽኑ ሰዓቱንና ቅንብሩን ረስቶ ሊገተር ይችላል። ላየው ሰው የሞተ ይመስላል እንጂ መድኃኒቱ ርካሽ ነው።

የሚያስፈራው የሃርድ ዲስክ ጉዳይ ነው። ሬይድ 5 በተባለው አሠራር አንድ ዲስክ ቢበላሽ ሥራው ይቀጥላል፤ ምትኩ ሳይገባ ሁለተኛው ከተከተለ ግን መረጃው በሙሉ ይሄዳል። አብረው የተገዙ ዲስኮች አብረው ያረጃሉ። ምትክ ዲስክ ሲገባ መረጃውን መልሶ የመገንባቱ ሥራ የቀሩትን ለሰዓታት ስለሚያስጨንቅ፣ አስቀድሞ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል።

የሒሳቡ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰርቨር ጨረታ ወጥቶበት ይገዛል። የአንድ ክረምት የቢቸናና የሞጣ መረጃ ግን ሻጭ የለውም፤ ሙከራው ቢደገም እንኳ ዓመቱም ዝናቡም ሌላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰርቨር የሚገዛ የምርምር ተቋም ሁሉ ለመለዋወጫ ዲስክ፣ ለዩፒኤስ ባትሪና በሌላ ከተማ ለሚቀመጥ ቅጂ በየዓመቱ በጀት ይያዝ። ቸል ከተባለ ኪሣራው የሚያርፈው የተሻለ ዘር በሚጠብቀው ገበሬና ጤፍ በሚሸምተው ከተሜ ላይ ነው።