ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ማን ያስተምረን?

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲያችን የሚመረቁት ጓደኞቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህርና የሒሳብ ሠራተኛ እየሆኑ ወደየወረዳው ይሰማራሉ። ሕዝቡም “የተማረ ሰው መጣልን” እያለ ማመልከቻ እንዲጽፉለት፣ ከመሥሪያ ቤት የደረሰውን ደብዳቤ እንዲያነቡለት፣ ወዴት አቤት እንደሚል እንዲመክሩት ይጠይቃቸዋል። ነገር ግን አንድ ጉዳይ የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የክልል ወይስ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን መሆኑን ለይቶ ጠያቂውን ለመምራት የሚችል ከመካከላችን ስንቱ ነው? እጅግ ጥቂት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን ስንል የሥነ ዜጋ ትምህርት አልተሰጠንም ማለታችን አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ እያልን ሦስቱን የመንግሥት አካላት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን አጥንተናል፤ በፈተናም ደግመናቸዋል። ሆኖም አንድ አዋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብ የተባለ ተማሪ፣ ወይም አንድ የወረዳ ምክር ቤት ሲሰበሰብ አይቶ የመጣ ክፍል መኖሩን አልሰማንም። የሸመደድነውም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። “ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ነው” ብለን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። በአገራችን ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም ይረዳዋል። ይህን ያህል ትልቅ ልዩነት ሳይነገረን ማለፋችን ትምህርቱ ከየት እንደተቀዳ ያሳያል።

የቀድሞ አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ፍትሐ ነገሥት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው የሚማሩት ነበር። ያልተማረውም ባላገር ቢሆን “በላ ልበልሃ” እየተባለ በአደባባይ ሲሟገቱ እየሰማ የክርክርን ሥርዓት ያውቅ ነበር። አዋጅ በገበያ መካከል ነጋሪት እየተጐሰመ ይነገር ነበርና በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጉን በጋዜጣ ማተም ሲጀምር ስሙን ነጋሪት ጋዜጣ አለው። ዛሬ ከበሮው ዝም ብሏል፤ ጋዜጣውም በመደርደሪያ ላይ ነው። የተማረው ሰው አንብቦ ላልተማረው ካላሰማ የነጋሪቱን ሥራ ማን ይሠራዋል?

ነገር በምሳሌ ነውና ሦስት እንጥቀስ። ከጐንደርና ከነቀምት የመጡ ሁለት ጓደኞቻችን ሰው ቢያቆስሉ የሚዳኙት በአንድ ሕግ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በመላው አገሪቱ ይሠራልና። ቢያገቡ ወይም ቢፋቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 213 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ መሬት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የወላጆቻችንን ጓዳ ይነካል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ስለ መሬት አጠባበቅና አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ክልሎችም ዝርዝሩን በራሳቸው አዋጅ ይወስናሉ፤ የይዞታ ደብተሩ ጉዳይ ደግሞ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። እንግዲህ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ ልጁን “ምን ላድርግ?” ብሎ ቢጠይቀው፣ አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የቆየው ልጅ “አዲስ አበባ ሄደህ አመልክት” ቢለው፣ የአባቱን የትራንስፖርት ገንዘብና የአዝመራ ጊዜ በከንቱ አስጨረሰ ማለት ነው።

ሕግ የሚወጣበትንም መንገድ ማወቅ ይገባናል። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ተነሥቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። በዚያም መጀመሪያ ይነበባል፤ ከዚያ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ሲያቀርብ ምክር ቤቱ ተከራክሮ ድምፅ ይሰጥበታል። የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምበትም ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። ልብ ይበሉ፤ ዜጋ ሐሳቡን ለማሰማት የሚመቸው ጊዜ ረቂቁ በኮሚቴ እጅ ሳለ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ዝም ብሎ ይከርምና ሕጉ ከታተመ በኋላ በሻይ ቤት ያማርራል።

ከአዋጅ በታች ደንብ፣ ከደንብ በታች መመሪያ አለ። የዕለት ኑሯችንን አብዝቶ የሚነካው ይህ የታችኛው ነው። በየመስኮቱ “መመሪያው አይፈቅድም” ስንባል ስንቶቻችን ነን “መመሪያው የታለ?” ብለን የጠየቅነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያቸውን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡና የወጣውንም ይፋ እንዲያደርጉ ያዛል። መብቱ ተጽፏል፤ የጐደለው ጠያቂ ነው።

አንዳንድ መምህሮቻችን “ይህ ትምህርት ፖለቲካ ነው፤ ወደ ስብከት ይለወጣል” ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት በግዴታ ይሰጥ እንደነበር ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ነገር ግን መንግሥትን ማወደስና የመንግሥትን አሠራር ማወቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። ስብከትን የሚፈራ መምህር ሕጉን ራሱን ያስነብብ፤ ተማሪው ከጽሑፉ ጋር ይሟገት።

ሌሎች ደግሞ “በወረቀት ያለው ሌላ፣ በሥራ ያለው ሌላ፤ ምን ይጠቅማል?” ይሉናል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እንደተያዙ አንክድም፤ እንዲህ ባለ ምክር ቤት ብርቱ ክርክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዳሩ ግን ሚዛኑን የማያውቅ ሰው መጉደሉን በምን ያውቃል? ወረቀቱና ሥራው መለያየታቸውን ለማሳየት አስቀድሞ ወረቀቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መምህራን በጋራ ኮርሶች ውስጥ ተማሪው ቢያንስ አንድ አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ አንብቦ ከየትኛው የመንግሥት እርከን እንደወጣና ማንን እንደሚመለከት እንዲያስረዳ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የወረዳውን ምክር ቤት አስፈቅዶ ተማሪዎች ጉባኤውን ተቀምጠው እንዲሰሙ ያመቻች። ሦስተኛውን የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። ኅብረታችን ውሳኔውን በአንድ ማታ በጭብጨባ ማሳለፉን ትቶ፣ ረቂቁን በሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ በኮሚቴ ያስመርምር፤ ተቃዋሚን ያድምጥ፤ ድምፁንም ቈጥሮ ይመዝግብ። የሴኔቱን ሕግም ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቶ ለተማሪው ያድል።

ድሮ ሰው በመንገድ ላይ ሲበደል “በሕግ አምላክ!” ይል ነበር፤ በዳዩም ይቆም ነበር። ያ ቃል ኃይል ያገኘው ተበዳዩም፣ በዳዩም፣ ቆሞ የሚመለከተውም ሕግ መኖሩን ስለሚያውቁ ነው። እኛም በየሙያችን ወደ ሕዝቡ ከመሄዳችን በፊት ይህን እውቀት ልንሰንቅ ይገባናል። ሥራውንም ኅብረቱ በሚቀጥለው ጉባኤው ይጀምረው።