የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ቃል ያጠና ቤተሰብ
መርካቶ ራስ ሲኒማ የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ቴክሳስ፣ ፋርመርስ ብራንች ቢገባም ልማዱ አይለቀውም። ይህን እትም የከፈትነው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የሂንዲ ፊልም «ድሪሽያም» ነው፤ መነሻው የ2013ቱ የማላያላም ፊልም ነው። አጄይ ዴቭገን የሚጫወተው ቪጃይ ጎዋ ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን የሚያስገባ፣ አራተኛ ክፍልን ያላለፈ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ፊልም! ግቢው ውስጥ ሰው ሲገደል፣ ሌላ ቦታ እንደነበሩ ማስረጃ እንዲሆን የአውቶቡስ ትኬትና የምግብ ቤት ደረሰኝ ይይዛል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ለፖሊስ የሚሰጡትን ቃል ያስጠናል። ታቡ የምትጫወታት ደግሞ የፖሊስ አዛዥም የሟቹ እናትም ናት (እኔ ያዘንኩት ለእሷ ነው)። ከግድያው ይልቅ የሚያስጨንቀው ትንሿ ልጅ ስትመረመር ነው። የእትሙ መክፈቻ ጽሑፍ መጨረሻውን ስለሚያወጣ፣ ፊልሙን ያላያችሁ አስቀድማችሁ እዩት።